ገና ሰሞን ያረፈው

አርሊን የበጉን ሾርባ የምታማስልበትን ጭልፋ አንስታ የቨርጂልን ክንድ ቸብ አደረገችው።

«ኧረ ምን አጠፋሁ?»

«ስሟን ልትጠራ ነበር።»

«የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ እኮ ነው ያልኩት!»

«እሷ ደግሞ በሕይወት እያለችም ከመጀመሪያዋ ፊደል ነበር የምትሰማው። ዝም ብለህ ሽንኩርትህን ክተፍ።»

በናቫሆዎች፣ በአገሬው ነባር ሕዝብ ዘንድ፣ የሞተ ሰው ስም፣ ይልቁንም አራት ቀን ሳይሞላ፣ አይነሳም፤ ስለዚህ እዚህም አይነሳም። ሟቿ የአርሊንና የኤልሮይ እናት ናት። ሰኞ ጠዋት፣ በሰማንያ ሰባት ዓመቷ፣ ካየንታ ከተማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ነርሷን «ይሄን ሻይ ብለሽ ነው የሰጠሽኝ?» ብላ ተቆጣቻት፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አረፈች። ቀብሩ ዓርብ ነው። እስከዚያ ዘመድ አዝማድ ጥቁር አምባ ላይ ካለው ቤቷ ይሰበሰባል። ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይመከራል። ጮክ ተብሎ ግን አይለቀስም፤ እንባ ከበዛ ሟች መንገዷ ይረዝምባታል ይባላልና።

ኤልሮይ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በከሰል ማዕድኑ ትልቁን ቆፋሪ ማሽን አንቀሳቅሷል፤ ባልዲው ሁለት ፒካፕ ከነሹፌሮቻቸው የሚውጠውን። ከራሱ በላይ ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቋል። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የሚፈነዳው ድማሚት የሠራው ስንጥቅ ነው። እናቱ ስንጥቁን አልደፈነችውም፤ ማበጠሪያዋን፣ መነጽሯንና ደብዳቤዎቿን ትሰካበት ነበር። «ኩባንያው መደርደሪያ ሠራልኝ» ትላለች ለመጣ እንግዳ ሁሉ።

«እንግዲህ ቀብሩ አስፋልቱ ዳር ካለው መካነ መቃብር ይሁን» አለች አርሊን። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ስለሆነች ሦስት መቶ ልጅ አሰልፋ እንደምትመግብ ነው የምትናገረው። «መኪና ይገባል። አጥር አለው። አያታችንም እዚያ ናት።»

«አያታችሁ ወዳ አልሄደችም» አለ ቨርጂል ሽንኩርቱን እየከተፈ። «በጭነት መኪና ነው የተወሰደችው።»

ቨርጂል የአባታቸው እህት ልጅ ነው። በአባት በኩል ያለ የአክስት ልጅ የመቀለድ ፈቃድ ከልማድ ተሰጥቶታል፤ ቨርጂልም ይህን ፈቃድ አንድ ቀን ሳይጠቀምበት አድሮ አያውቅም። ይህኛው ግን ቀልድ አልነበረም። ከሰሉ ከአያትየዋ መቃብር ሥር ያልፍ ስለነበር ኩባንያው አጥንቷን አንስቶ አዛውሮታል።

አርሊን መልስ ሳትሰጥ ከስንጥቁ አንድ ደብዳቤ መዘዘች። «ይሄንንስ ምን እናድርገው?»

ደብዳቤው ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ በየዓመቱ የሚመጣው ነበር። ከቤቱ ማዶ፣ ማዕድኑ መሀል በቀረችው ጉብታ ላይ ያለው መቃብር ተነስቶ ወደ መካነ መቃብሩ ይዛወራል፣ ጉብታው ይደለደላል፣ ሣር ይዘራበታል፣ ቤተሰቡ ይፈርም ይላል። እናትየው በየዓመቱ ግርጌው ላይ «ተኝቷል» ብላ ጽፋ ትመልሰው ነበር። አሁን ፈራሚው ኤልሮይ ነው፤ ዘንድሮ ካልፈረመ የኩባንያው ሰዎች መጥተው ማን እንዳለበት ለማረጋገጥ መቃብሩን ይከፍቱታል።

«ለመሆኑ እዚያ ያለው ማን ነው?» አለች አርሊን ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ማንም አያውቅም። የሚጠየቅ ነገር አይደለማ! አርሊን በልቧ ወንድ አያቷ ነው ትላለች። ኤልሮይ ደግሞ ከእሱ በፊት ተወልዶ ስም ሳይወጣለት የሞተ ወንድም እንደነበረው ስለሚያውቅ፣ እሱ ነው ብሎ ከቆረጠ ቆይቷል።

መቃብሩ የታወቀበትን ቀን አይረሳውም። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ነው፣ በጥር። ማሽኑ አምባውን እየገመሰ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ካለች ጉብታ ላይ አንዲት ሴት የበግ መንጃ በትር ይዛ ቆማለች። እናቱ ናት። ኤልሮይ ከስድስት ፎቅ ከፍታ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጓጓታ ውስጥ፣ ድምጿን አልሰማም፤ አፏ «ውረድ!» ሲል ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ወረደ።

ፎርማኑ ከሌላ አገር የመጣ ነጭ ነበር። የናቫሆ ቋንቋ ስለማይሰማ ኤልሮይ መሀል ቆሞ አስተረጎመ።

«እሜቴ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው ይላል።»

«እዚህ የሞተ አለ በለው።»

«ማነው? መቼ ነው የሞተው? ይላል።»

«ገና ሰሞን ነው ያረፈው በለው።»

ፎርማኑ የራስ ቁሩን አወለቀ። «ስሙ ማን ይባላል? ለመዝገብ ነው ይላል።»

«የሞተ ስም እንደማንጠራ አልነገርከውም? ሠላሳ ዓመትህ ሆኖ ይህን አላስተማርከውም?»

ኤልሮይ ይህን የመጨረሻውን ሳይተረጉም ዞር ቢል፣ አሥራ አንዱ የሥራ ጓደኞቹ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘግተዋል። ሁሉም ናቫሆዎች ናቸው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ሬሳ ከተነካ በኋላ የሚመጣውን በሽታ ማን ይፈልጋል? ኩባንያው መድኃኒት አዋቂ አስመጥቶ ሠራተኞቹን አራት ቀን እስኪያስጸልይ ሥራ ቆመ። ከዚያም በካርታው ላይ ቀይ ክብ ተደረገ፤ ማሽኑም ዙሪያውን ቆፍሮ አለፈ። ዙሪያዋ ሁሉ ጎድጉዶ ጉብታዋ ብቻዋን ቀረች፣ ባረጀ ድድ ላይ እንደቀረች አንዲት ጥርስ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እማማ ግላዲስ መጡ። የሟች የዕድሜ ልክ ጎረቤት ናቸው፤ አብረው ሸምነዋል፣ አብረው ሥር ምሰዋል። ጆሯቸው ስለደከመ ሲያንሾካሹኩ ከበጎቹ በረት ድረስ ይሰማል። ሁለት ሳህን ሾርባና ሦስት የተጠበሰ ቂጣ ከበሉ በኋላ ስለ ደብዳቤው ሰሙ። ወደ አርሊን ጆሮ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ፤

«እንዳትፈርሙ! ከከፈቱት እኮ ጉድ ነው! ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል!»

አርባ ሰው ማኘኩን አቆመ።

«ማን ነው የተቀበረው፣ እማማ?» አለ ኤልሮይ።

«ምን?»

«ማን ነው የተቀበረው!»

«ተርኪው ነዋ!»

«የቱ ተርኪ?»

«ኩባንያው ለገና የላከላት፣ ያ በግ የሚያክል ዶሮ! አንተ አይደለህ እንዴ ያመጣኸው፣ ልጄ? በበረዶ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን አስረውለት።»

ኤልሮይ ትዝ አለው። ሪባኑ ላይ «ለመልካም ጎረቤታችን» የሚል ካርድም ነበረበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ «እማ፣ ተርኪው እንዴት ነበር?» ሲላት «አርፏል» ነበር ያለችው። በልታዋለች ብሎ ደስ ብሎት ነበር የሄደው።

«እኔማ» ቀጠሉ እማማ ግላዲስ፣ «ባዶ ድንጋይ እንከምር ብያት ነበር። 'በሞት አይዋሽም፤ ዞሮ ይመጣል። የግድ የሞተ ነገር መኖር አለበት' አለችኝ። በግ እንረድ አልኳት። 'በግማ ይበላል!' ብላ ተቆጣችኝ።»

መጀመሪያ ቨርጂል ነው የፈነዳው። ሽንኩርቱ ነው እያለ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ፤ አርሊን ራሷ ጭልፋዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ኤልሮይ ግን ተነስቶ ወጣ።

ቨርጂል ተከትሎት ሲመጣ የውኃው በርሜል ላይ ተደግፎ አገኘው። ምንጩ ከደረቀ ጀምሮ ውኃ የሚመጣው በበርሜል፣ በፒካፕ፣ ከስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። ከራሳቸው በላይ ለሩቅ ከተሞች መብራት ይወስድ የነበረው ሽቦ ተዘርግቷል፤ ቤቷ አንድም ቀን መብራት ገብቶለት ሳያውቅ።

«ተቆጣህ?» አለ ቨርጂል።

«በየቀኑ ሰላም እለው ነበር።»

«ማንን?»

«ሥራ ስገባ 'እንዴት አደርክ፣ ወንድሜ'፣ ስወጣ 'ደህና እደር፣ ወንድሜ'። ለጸሎት የሚሆን የበቆሎ ዱቄት ኪሴ ይዤ እበትንለት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ!»

ቨርጂል ከንፈሩን ነከሰ። ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። «እንግዲህ... አንገታችሁም ይመሳሰላል።»

ኤልሮይ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ወጥቶ ሲያበቃ ግን ዓይኑ ወደ ጉብታዋ ሄደ። ከጉብታዋ ወዲያና ወዲህ የተደለደለው መሬት፣ ኩባንያው አንድ ዓይነት ሣር የዘራበት፣ እንደ ተላጨ ራስ ይታያል።

ይህ መሬት «ዳነ» የተባለ ሰሞን ኩባንያው የአካባቢውን ሽማግሌዎች በአውቶቡስ ወስዶ አስጎብኝቶ ነበር። ኤልሮይም የኩባንያውን ኮፍያ አድርጎ ለማስተርጎም ሄዷል። ከረባት ያሰረ ወጣት ሣሩን እያሳየ ብዙ ተናገረ። እናቱ ጎንበስ ብላ አየች፣ ትንሽ ተራመደች፣ ደግማ አየች።

«ለሳል የሚሆነው የቱ ነው በለው» አለች።

«እሜቴ፣ ይሄ ለግጦሽ ነው» አለ ወጣቱ።

«ለሆድ ቁርጠትስ? ለሱፍ ቢጫ ቀለም የሚሰጠውስ? ሻይ የሚሆነውስ? ለቅርጫት የሚታጠፈውስ?»

«ሁሉም የግጦሽ ሣር ነው።»

«እንግዲያ ሲያስለኝ እግጣለሁ ማለት ነው?»

ሽማግሌዎቹ አውቶቡሱ ከተማ እስኪደርስ ድረስ ሳቁ። ኤልሮይ ግን ያኔ አፈረ፤ በእሷ። ልጆቹን ያሳደገው፣ ለእሷም ፒካፕ የገዛላት፣ አርሊንን ያስተማረው የከሰሉ ደመወዝ ነው። «በእኔ ኮፍያ ፊት ባታሾፊ ምናለ?» ቢላት «ኮፍያህን ሳይሆን ሣሩን ነው» ብላ አለፈች። በማግስቱ ማለዳ ጉብታዋ ላይ ቅርጫቷን ይዛ ጎንበስ ቀና ስትል ከማሽኑ ላይ ሆኖ አያት። መቃብር ልትጎበኝ መስሎት ነበር። ሻይ እየለቀመች ኖሯል።

ሐሙስ ጠዋት አንድ አሮጌ ጂፕ ከበሩ ቆመ። ነጭ ሽማግሌ ወረደ፣ ባርኔጣውን በአንድ እጁ፣ የፖም ኬክ በሌላው ይዞ።

«አጥንት ቆጣሪው!» አለች አርሊን በድንጋጤ።

እውነተኛ ስሙ ሊንድስትሮም ነው፤ ግን ማንም በዚያ ጠርቶት አያውቅም። ኩባንያው ቀጥሮት መቃብር የሚመዘግብና የሚያነሳ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ በናቫሆ ቋንቋ «በሐዘናችሁ አብሬያችሁ አለሁ» ሊል ፈልጎ፣ ምላሱ ተጠልፎ «በድስታችሁ አብሬያችሁ አለሁ» አለ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ቨርጂል፣ «ሾርባው ደርሷል።»

ተቀመጠ። ተሰጠው፣ በላ። ሁሉም ያየዋል። እማማ ግላዲስ ወደ አርሊን ዞረው፣ «ስለ ተርኪው እንዳትነግሩት!» ብለው አንሾካሾኩ።

ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጠ። አነጋገሩ ይሰነካከል እንጂ ቋንቋቸውን ይሰማል።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?» አለች አርሊን።

«ጉብታው ከተመዘገበ ከሁለት ዓመት በኋላ ልመረምር ሄጄ ነበር። ቀበሮ ጫር ጫር አድርጎት አንድ አጥንት ወጥቷል። ሙያዬ ነው፤ የወፍ እግርና የሰው እግር አይጠፋኝም። ቀና ስል እሷ በትሯን ይዛ ቆማለች። 'ማነው ይሄ?' አልኳት። 'የተማርከው አንተ ነህ፤ አንተ ንገረኝ' አለችኝ።»

«እና ምን አሏት?» አለ ኤልሮይ።

«ምንም። መዝገቡን አውጥቼ ጻፍኩ፦ 'አንድ፤ ዕድሜው የደረሰ፤ ገና ሰሞን የሞተ።' ውሸት አለበት?»

«የለበትም!» አሉ እማማ ግላዲስ፤ ይሄን እንዴት እንደሰሙት እንጃ።

ሽማግሌው አልሳቀም። የቆርቆሮ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ውስጡን አየ። «ሁለት መቶ አሥራ ሰባት መቃብር አንስቻለሁ። የእናቷንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሳጥኑን ስንጭን አጠገቤ ቆማ 'እሷ ለመሆኗ እርግጠኛ ነህ?' አለችኝ። አዎ አልኳት።» ኩባያውን አስቀመጠ። «እርግጠኛ አልነበርኩም። መሬቱ ተንሸራትቶ ነበር፤ የሦስት ሰው አጥንት ተቀላቅሏል። ይሄንን ለእሷ ሳልነግራት ሞተች። ለእናንተ ልንገር ብዬ ነው የመጣሁት።»

አርሊን ወደ ምድጃው ዞረች፤ የማይማሰለውን ድስት ታማስል ጀመር። አስፋልቱ ዳር ያለውን መቃብር በየዓመቱ እየሄደች የምታጸዳው እሷ ናት።

«ቀጥሎ የሚልኩት ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም» አለ ሽማግሌው። «ይከፍተዋል። ሰው ካላገኘ ጉብታውን በአንድ ቀን ያወርደዋል። ሰው ካለበት ግን፣ በዛሬው ሕግ፣ ቤተሰቡ አይነሳ ካለ፣ ማንም አይነካውም። መዝገቡ ላይ መቃብር ነው።»

«ሰው የለበትማ» አለ ቨርጂል። ከዚያ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ወደ ኤልሮይ ዞረ። «ሰው... አለን እኮ።»

አርሊን ድስቱን ትታ ዞረች። «እናቴን? ተርኪ ላይ?»

«አጠገቡ» አለ ቨርጂል።

«አጠገቡም ቢሆን! ሰው ምን ይላል? ቄሱ ምን ይላል?»

«ቄሱ ተርኪውን አያውቀውም።»

«እግዚአብሔር ያውቀዋል!»

«እሷ ራሷ ናት የቀበረችው» አለ ኤልሮይ።

ጮክ ብሎ አልተናገረም። ግን በሦስት ቀን ውስጥ ብዙም ስላልተናገረ ሁሉም ዞሮ አየው። ተነሳና ደብዳቤውን ከስንጥቁ መዘዘ። «እኔ በደመወዝ ያን ሁሉ አምባ ስገለብጥ፣ እሷ በአንድ ዶሮ ያችን ታህል መሬት አተረፈች። አስፋልት ዳር ወስደን አጥር ውስጥ ብንከታት ትስቅብናለች፣ አርሊን።»

«ትቆጣናለች እንጂ መች ትስቃለች» አለች አርሊን። በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ቀና አለች። «መኪና አይወጣም። ዙሪያው ገደል ነው። በምን እናወጣታለን?»

«ገደሉን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ኤልሮይ። «መንገድም እሠራለሁ።»

የቨርጂል ጎረቤት እስካቫተር ነበረው፤ ለማንም አያውስም የተባለ ሰው ነው፤ ለማን ቀብር እንደሆነ ሲሰማ ራሱ ነድቶ አመጣው። ኤልሮይ ሐሙስ ከቀትር እስከ ማታ፣ ዓርብ ከንጋት ጀምሮ ደግሞ እስከ ረፋዱ አፈር ሞላ። ዕድሜውን ሙሉ አውጥቷል እንጂ መልሶ ሞልቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ እጁ እምቢ አለው፣ መዘውሩን ወደ ለመደው አቅጣጫ እየሳበ። ቆይቶ ገባው። አርሊን ቡና ይዛ መጥታ ከታች ስትመለከተው ቆየች። «ጠባብ ነው» አለች። ከዚያ «ጥሩ ነው» ብላ ሄደች።

ጉድጓዱን ቨርጂልና ሦስት የዘመድ ልጆች ቆፈሩት፤ ልጅ የእናቱን መቃብር አይቆፍርም ብለው ኤልሮይን ከለከሉት። ተጠንቅቀው ከድንጋዩ ክምር ፈቅ ብለው ነበር የጀመሩት። ወገብ ድረስ ሲደርሱ ከጎን በኩል አንዲት ቀጭን አጥንት ብቅ አለች። አራቱም ጎልማሶች አካፋቸውን ጥለው አዲሱን መንገድ በሩጫ ወረዱ፤ ቨርጂል ከሁሉም ቀድሞ ፒካፑ ውስጥ ገብቶ በሩን ቆለፈ።

«እኛንስ?» አሉ የቀሩት በሩን እየደበደቡ።

«የሞተ የሞተ ነው!» ሲል ጮኸ ቨርጂል በመስኮቱ።

ጉብታው ላይ የቀሩት ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት እማማ ግላዲስ ብቻ ነበሩ። ጎንበስ ብለው አጥንቷን አይተው፣ «ይቅርታ ጠይቃችሁ መልሷት! ቤቷ ነው!» አሉ። ይቅርታ ተጠየቀ። ቨርጂል ራሱ ነው የጠየቀው፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በጣም በትሕትና።

ቀትር ላይ ተቀበረች። በዚያ ሰዓት ድሮ ድማሚቱ ይፈነዳ ነበር፤ አሁን የሚሰማው የአካፋ ድምፅና ንፋስ ብቻ ነው። የሸመነችው ብርድ ልብስ፣ ምርጥ ሰማያዊ የቱርኩዝ ድንጋይ ሐብሏና በትሯ አብረዋት ገቡ። አጥንት ቆጣሪው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። አፈሩ ሲያልቅ መጥቶ ከመዝገቡ የቀደደውን ወረቀት ለአርሊን ሰጣት። ከድሮው ጽሑፍ ሥር አዲስ መስመር ጨምሮበታል፦ «ሁለት። ሁለተኛዋ ባለቤቷ ናት።»

«ባለቤትነቱ የማን?» አለች አርሊን።

«የጉብታው» አለ።

ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ሕዝቡን አሰለፈች። «በሉ እንሂድ። ወደ ኋላ የሚዞር እንዳይኖር። እሷ መንገዷን ትሂድ፣ እኛም መንገዳችንን።»

ሁሉም ወረደ። ኤልሮይ የመጨረሻው ነበር። ወደ ኋላ አልዞረም። መንገዱ ጉብታውን ለቆ ሊወርድ ሲል ግን ከእግሩ ሥር ጉልበት የማትደርስ፣ አመድማ ቅጠል ያላት ቁጥቋጦ አየ። ከጎኗ ቢጫ አበባ ያላት ቀጭን ተክል አለች፤ ከእሷ ወዲያ ደግሞ ሌላ። የአንዳቸውንም ስም አያውቅም። የትኛዋ ለሳል፣ የትኛዋ ለሻይ እንደሆነች የሚጠይቀው ሰው አሁን አፈር ለብሷል።

ኮፍያውን አወለቀ። ጉሮሮውን ጠረገ። ለማያውቁት ትልቅ ሰው ስምንና የጎሳን ስም እየጠሩ ራስን እንደሚያስተዋውቁ፣ ተክሎቹ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኤልሮይ እባላለሁ» አለ። «የእናቴ ወገን መራራ ውኃ ነው። አባቴ ከጨው ወገን ነው። ማሽኑን ይነዳ የነበረው እኔ ነኝ።» ወደ ቁጥቋጦዋ ጎንበስ አለ። «ልጇ ነኝ።»

ከታች ቨርጂል የፒካፑን ጥሩንባ ነፋ፤ ሰው ሁሉ ተሳፍሯል፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። ኤልሮይ ሳይዞር አንድ ጣቱን አነሳ፣ ቆይ እንደማለት። ከዚያ ኮፍያውን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ ስሙን የተናገረ ሰው የሌላውን ስም እስኪነግሩት እንደሚጠብቅ፣ ቆሞ ጠበቀ።